ከጎንደር ለሥራ ወደ ውጭ ከመሄድዎ በፊት፦ ውክልና፣ ቤትና ሰነድ

በውጭ አገር ሥራ ያገኘ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ቪዛና ትኬት ላይ ነው። ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከተነሣ በኋላ ለዓመታት የሚያስቸግረው ግን ጎንደር ላይ ሳይጨርሰው የተወው ጉዳይ ነው። ማራኪ ሰፈር ያለው ቤት፣ ደምቢያ ለእኩል የተሰጠው የእርሻ መሬት፣ ገና ያልተጠናቀቀው ዕቁብና በዋስትና የተፈረመበት የሌላ ሰው ብድር፣ ባለቤቱ በሌለበት የሚከታተላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ያ ሰው ደግሞ በመሥሪያ ቤት ፊት የሚታወቀው በያዘው የውክልና ሰነድ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2203 እስከ 2205 ድረስ ጠቅላላና ልዩ ውክልናን ለይቶ ያስቀምጣል። በጠቅላላ አነጋገር ብቻ የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ እንጂ ሌላ አያሠራም፤ ይኸውም ንብረቱን መጠበቅና ማደስ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብና ዕዳ መክፈል ነው። ቤት መሸጥ ወይም በመያዣነት ማስያዝ፣ ስጦታ ማድረግ፣ መታረቅ፣ እንዲሁም መክሰስና ለክስ መከላከያ ማቅረብ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃሉ። ስለዚህ «ጠቅላላ ውክልና» የሚል ርእስ ብቻ ያለው ወረቀት ይዞ ችሎት የሚቀርብ ወንድም ሊመለስ ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ጸሐፊዎች ተዘጋጅቶ በተቀመጠ ቅጽ ላይ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ፣ በስጦታ ማስተላለፍ» የሚሉትን ቃላት በአንድ መስመር ደርድረው ያቀርባሉ፤ ተጓዡም ለመንገድ ስለተቻኮለ ሳያነብ ይፈርማል። ቤቱን የመሸጥ ሐሳብ ከሌለዎት እነዚህን ያሰርዙ፤ የሚፈቅዱትን ሥራ፣ የቤቱን ካርታ ቁጥርና የባንክ ሒሳቡን ቁጥር ለይተው ያስጽፉ። ወንድሜን የማላምን መሰልሁ ብሎ ማፈር አያስፈልግም፤ ወሰኑ የታወቀ ሥልጣን ተወካዩንም ከሌሎች ዘመዶች ጥርጣሬ ያድነዋል። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ ደግሞ ለሽያጭ የትዳር ጓደኛ ስምምነት ስለሚያስፈልግ፣ አብረው የሚሄዱ ጥንዶች ሁለቱም ቀርበው ቢፈርሙ ይሻላል።

የኪራዩ ውል በጽሑፍ ይሁን፤ ኪራዩም በእጅ ሳይሆን በባንክ ይግባ፤ ሒሳቡን ከሩቅ ሆኖ ለመከታተል ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። የኪራይ ገቢ ግብር እንዳለበት አይርሱ፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ተወካይዎ ደረሰኙን በየዓመቱ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልዎ አስቀድመው ይስማሙ። የገጠር መሬትም በቃል ብቻ ለአራሽ አይተው፤ ውሉ ተጽፎ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። የካርታውና የይዞታ ደብተሩ ዋና ቅጂ በተከራይም ሆነ በደላላ እጅ አይግባ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ባለሙያዎች፣ በተለይም የጤና ባለሙያዎች፣ የወጪ መጋራት ክፍያቸውን አጠናቀው ዋናውን ዲግሪና የትምህርት ማስረጃ በእጃቸው ሳይዙ ባይነሡ መልካም ነው፤ ይህን በሰው በኩል ማስጨረስ እጅግ ያደክማል። የፋይዳ (የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ምዝገባም የጣት አሻራና የዓይን አይሪስ ስለሚወስድ በውክልና አይፈጸምም። የባንክና የቴሌብር የማረጋገጫ መልእክት የሚመጣበት ሲም ካርድ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ የሚከታተል ሰው ይመድቡ። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ የሥራ ልምድና መልቀቂያውን ተቀብሎ ይውጣ። የእድሩን ወርኃዊ መዋጮ የሚከፍልልዎ ሰውም ይኑር፤ ወላጆች አገር ቤት ካሉ ይህ ከባንኩ ጉዳይ አያንስም።

ውክልናውን ሳይሰጡ ወጥተው ከሆነ ባሉበት አገር በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ መፈረም ይቻላል፤ ነገር ግን ሰነዱ አገር ቤት ደርሶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ስላለበት ጊዜና ወጪ ይጨምራል። የሰጡትን ውክልና በማናቸውም ጊዜ መሻር ይችላሉ። ሆኖም ለተወካዩ በስልክ መንገር ብቻ አይበቃም፤ ሽረቱን በጽሑፍ አድርገው ውክልናው ለተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት፣ ለባንኩና ለተከራዩ ያሳውቁ፤ የቀድሞው ሰነድም እንዲመለስ ይጠይቁ።

ብዙዎች ይህን ሁሉ ለጥምቀት ሲመጡ ለመጨረስ ያስባሉ። ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ፣ ከጥር 10 እስከ 12፣ ከተማው በሙሉ በበዓሉ ላይ ስለሆነ ጉዳይዎን ከዚያ ሳምንት በፊት ወይም በኋላ ይያዙት፤ የመመለሻ ትኬትዎንም በዚያው ልክ ያስቆርጡ።