ማጅራት ገትር፦ አዋቂ ሲታመም ጊዜ የሚያባክኑ ስህተቶች

ስሙ ራሱ ያሳስታል። የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ሽፋን ብግነት ሆኖ ሳለ ማጅራት ገትር ስለተባለ ብዙ ሰው የታማሚው ማጅራት እስኪገተር ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 በባክቴሪያ በሚመጣው ዓይነት ላይ በታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ግን ትኩሳት፣ የአንገት መገተርና መደናገር ሦስቱም ተሟልተው የተገኙት በ44 በመቶዎቹ አዋቂዎች ላይ ብቻ ነው። ራስ ምታት አራተኛ ሆኖ ሲቆጠር 95 በመቶዎቹ ቢያንስ ሁለቱ ነበሩባቸው። ትኩሳትና ራስ ምታት በጉንፋንም እንደሚመጡ አይጠፋኝም። ይህኛው ግን በሰዓታት ውስጥ ይብሳል፤ ራስ ምታቱም ሰውየው ከሚያውቀው የተለየ ነው።

አንገቱን ግራና ቀኝ አስዙሮ «ደህና ነው» ማለትም ሌላው ስህተት ነው። የሚታየው ወደ ፊት መታጠፉ ነው፦ አገጩን ደረቱ ላይ ማሳረፍ ይችላል? ቢችልም በሽታው የለም ማለት አይደለም።

ከሁሉ የከፋው፣ በእኔ እይታ፣ «ትኩሳቱ አድክሞት ነው፣ ይተኛ» ብሎ በሩን መዝጋት ነው። እንቅልፍ የመሰለው ራስን መሳት ሊሆን ይችላል። ቀስቅሱት፤ የት እንዳለና ቀኑ ምን እንደሆነ ጠይቁት። መልሱ ከተዛባ፣ ወይም ነቅቶ ወዲያው ከደነዘዘ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። በአረጋውያን ላይ ጎልቶ የሚታየው መደናገሩ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የቆየ የጆሮ ወይም የሳይነስ ሕመምን ለሐኪም አለመንገርም አለ። በአዋቂዎች ላይ ዋናው መንስኤ ኒሞኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከጆሮ፣ ከሳይነስ ወይም ከሳንባ ነው። ጭንቅላቱ ተመትቶ ከዚያ ወዲህ ከአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ንጹሕ ውሃ የሚንጠባጠብበት ሰው ደግሞ ጉንፋን ይዞኛል ብሎ እንዳያልፈው፤ የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፣ ባክቴሪያውም በዚያው ይገባል።

በሽታውን ለማረጋገጥ ከወገብ ፈሳሽ መቀዳትን «ሽባ ያደርጋል» ብሎ እምቢ ማለት የተለመደ ነው። መርፌው የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ከሚያበቃበት በታች ነው፤ ለጥቂት ቀናት ራስ ምታት ሊያስከትል ይችላል። ጤናማው ፈሳሽ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ በባክቴሪያ የተበከለው ብዙ ጊዜ ይደፈርሳል።

ባለሙያውም ይሳሳታል፤ የጭንቅላት ሲቲ ስካን እስኪነሳ መድኃኒቱን ያቆያል። ምርመራው የሚዘገይ ከሆነ ለካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመለየት) ደም ተወስዶ አንቲባዮቲኩ በደም ሥር ወዲያው ይጀመራል። ብግነት የሚቀንሰው ዴክሳሜታዞንም ከእሱ ቀድሞ ወይም አብሮ ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የአውሮፓ ጥናት በሞት ወይም በአካል ጉዳት የተጠናቀቀውን ሕመም ከ25 ወደ 15 በመቶ አውርዶታል። ዕድሜው ከ50 ላለፈ ወይም የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃም፤ ሊስቴሪያ የተባለውን ባክቴሪያ አይነካውም፣ አምፒሲሊን የተባለው ሌላ አንቲባዮቲክ ይጨመራል።

ጎረቤቱ ሁሉ መድኃኒት ይዋጥ ማለትም ትርፍ ነው። መከላከያው የሚሰጠው በሽታው ሜኒንጎኮከስ የተባለው ሌላው ባክቴሪያ ያመጣው ሲሆን፣ ያውም ለቅርብ ንክኪዎች ነው።

የመጨረሻው ስህተት ትኩሳቱ ሲለቅ አበቃ ማለት ነው። በኔዘርላንዱ ጥናት ከኒሞኮከስ ታማሚዎች 30 በመቶ፣ ከሜኒንጎኮከስ ደግሞ 7 በመቶ ሞተዋል። ከተረፉትም የመስማት ችሎታቸው የሚጎዳ አሉ። ከሆስፒታል ሳይወጡ ወይም እንደወጡ የመስማት ምርመራ ይደረግላቸው፤ የውስጥ ጆሮው ወደ አጥንትነት መለወጥ ከጀመረ፣ ችሎታውን የሚተካውን መሣሪያ ማስገባት ይከብዳል።