የድሮ የድንጋይ ቤት ስታድሱ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

የድሮ የገበሬ ቤት ከነበረቱና ከነጎተራው የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያዘው ስሚንቶ ነው። በዚህ ጉዳይ ትዕግሥቴ አልቋል።

ፖርትላንድ ስሚንቶ የፈጠራ መብት የተሰጠው በፈረንጆች 1824 ነው። ከዚያ በፊት የተገነባ ቤት የቆመው በኖራ ወይም በጭቃ ነው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ገበሬ በዚያው ቀጥሏል። ኖራ ለስላሳ ነው። ግድግዳው የጠጣው ውሃ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ በኩል ይተናል። ስሚንቶ ይህንን መውጫ ይደፍንና ውሃውን ወደ ድንጋዩ ይመልሰዋል። ለስላሳ ድንጋይ ከሆነ ፊቱ እየተላጠ ይረግፋል። ብርድ ባለበት አገር ደግሞ ውሃው በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል። በመጨረሻ ስሚንቶው እንደ ማር እንጀራ ተገትሮ ይቀራል፣ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ባለቤቱ ታዲያ «ድንጋዩ ደካማ ነው» ይለኛል። ያን ሁሉ ዘመን ቆሞ ስሚንቶ ሲመጣ ደከመ?

በመጋጠሚያው ውስጥ ያለውን የድሮ መሙያ በመሮና በመዶሻ አውጡ። የኤሌክትሪክ መቁረጫ የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል። መጋጠሚያውን አርጥቡና ኖራውን ሙሉ፤ ከዚያ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት። ኖራ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እየሳበ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ችኮላ አይወድም።

ግድግዳው ከታች ከረጠበ ኬሚካል ከመቀባታችሁ በፊት ውጭ ወጥታችሁ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እዩ። አንዱ ደንበኛዬ ውድ ቀለም ደጋግሞ ቀብቷል። ከበላዩ አሸንዳው ተሰብሮ ውሃው ግድግዳው ላይ ይወርድ ነበር! የውጭው አፈርም ዘመን ሙሉ ተከምሮ ከወለሉ በላይ ሆኖ ሊሆን ስለሚችል እሱንም ዝቅ አድርጉት።

በረቱን መኝታ ቤት ማድረግ የሚያምር ሐሳብ ነው። ግን የከብት ሽንትና ፍግ ለዓመታት ድንጋዩ ውስጥ ጨው አስገብቷል። ይህ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ በጀሶ ብትለስኑት አየሩ በረጠበ ቁጥር እድፉ ይመለሳል። በኖራ ለስኑት። ጨው ሲጠጣ ልስኑን አንስታችሁ በሌላ ተኩት፤ ሥራው ይኸው ነው።

ሐረግ ከግድግዳ ጎትታችሁ አትንቀሉ። ከሥሩ ቁረጡና እስኪደርቅ ጠብቁ። ድንጋይ በአሸዋ ግፊት ማጠብ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ።

«ይቺ ጥግ ላይ ያለች ጎጆ ምን ትሠራለች?» ብሎ የሚያፈርስም አለ። ዋናውን ግድግዳ ደግፋ ይዛ ቢሆንስ? አዲስ መስኮት ስትከፍቱም እንዲሁ ነው። ብዙው የድሮ ግድግዳ በሁለት የድንጋይ ፊት መሃል ጠጠርና አፈር የተሞላ ነው። አንድ ግንበኛ ጊዜያዊ ድጋፍ ሳያቆምና ጉበን ሳያስገባ አንድ ድንጋይ ሲስብ የመሃሉ ሙሊት እግሩ ላይ ፈሰሰ።

ገንዘቡን ዋናው ቤት ላይ ጨርሶ የጎተራውን ጣሪያ ክፍት የሚተውም ሞልቷል። በግድግዳው አናት የሚገባ ዝናብ የመሃሉን አፈር ያጥበዋል። ለጊዜው ቆርቆሮ ጣሉበት፣ ንፋስ እንዳይወስደውም በደንብ እሰሩት።