ሙልጭልጭ አለት ላይ ቆማችሁ ለምታጠምዱ፦ የጫማ ምርጫ

የዋሽንግተን አካባቢ ሐበሻ ለዓሣ ማጥመጃ ገንዘቡን አይሰስትም። ዘንጉ ምርጥ፣ ክሩ ምርጥ። እግሩን ስታዩት ግን ያለቀ ስኒከር ነው። በነጠላ ጫማ የሚመጣም አይጠፋም።

እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሚያዝያ ላይ ፖቶማክ ወንዝ እወርዳለሁ፣ ቼይን ብሪጅ አካባቢ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ደላዌር፣ ኢንዲያን ሪቨር ኢንሌት ድረስ እነዳለሁ፤ ኢንሌት ማለት የባሕር ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ጠባብ መተላለፊያ ነው። ለሁለቱም ቦታ አንድ ጫማ አይሆንም። ባለቤቴ ይህን አትሰማም፤ "ለቤተ ክርስቲያን አንድ ጫማ፣ ለዓሣ ሁለት!" ትላለች። ቢሆንም ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት የምትቆሙበትን አለት እወቁት።

ፖቶማክ ዳር ያለው አለት ደረቅ ከሆነ ችግር የለውም። ችግሩ ውሃው ሞልቶ ሲጎድል ላዩ ላይ ትቶት የሚሄደው ስስ ጭቃ ነው። እዚያ የሚያስፈልጋችሁ ለስላሳ ጎማ ነው። ሱቅ ውስጥ ሶሉን በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ጫን አድርጉት። ጥፍሩ ትንሽ ገባ ካለና ጎማው ቀስ ብሎ ከተመለሰ ጥሩ ነው። እንደ ፕላስቲክ ከጠነከረ መልሱት። አገር ቤት የለመድነው በረባሶ ለጠጠር መንገድ ግሩም ነው፤ እርጥብ አለት ላይ ግን ጎማው ደረቅ ስለሆነ ያዳልጣል።

ኢንሌቱ ሌላ ዓለም ነው። ዳርና ዳሩ የተቆለለ ትልልቅ ድንጋይ ነው፣ መሐል ላይ ያለው ውሃ ኃይለኛ ነው። ባሕሩ ሲሞላ የሚደርስበት ቦታ አረንጓዴና ጥቁር አልጌ ለብሷል። እዚህ የትኛውም ጎማ አያዋጣም፤ ጎማው የሚያርፈው አልጌው ላይ እንጂ ድንጋዩ ላይ አይደለም። አልጌውን በስቶ ድንጋዩን የሚነካ ብረት ያስፈልጋል። ጫፉ ካርባይድ (በጣም ጠንካራ ብረት መሰል ነገር) የሆነ አጭር ብሎን ሶሉ ላይ የተተከለበትን ምረጡ። ብሎኖቹ መሐል ብቻ ከሆኑ ተዉት፣ ተረከዙና የጣቶቹ ጠርዝ ላይም መኖር አለባቸው። የኳስ ታኬታ እንዳታስቡ፣ ፕላስቲኩ ራሱ ያንሸራትታል። ለበረዶ ተብሎ የሚሸጠው በጎማ የሚወጠር ሰንሰለትም ድንጋይ መሐል እግር ሲጠማዘዝ ወደ ጎን ይዞራል።

ብረቱም ጣጣ አለው። ደረቅና ንጹሕ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ እግራችሁን ሙሉ አሳርፉ፣ በጣት አትረማመዱ። መኪና ውስጥ ደግሞ በፍጹም አትልበሱት፣ ፍሬኑ ላይ ያዳልጣል። የመንጃ ጫማ ለብቻ ያዙ።

የቆዩ አጥማጆች በፌልት፣ ማለትም በተጠቀጠቀ ወፍራም የሱፍ መሰል ጨርቅ፣ የተለበጠ ሶል ይመክሯችኋል። እውነት ነው፣ አልጌ ላይ ይይዛል። ግን ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከልክላዋለች። ፌልቱ እርጥበት ስለሚይዝ ዲዲሞ የሚባለውን አልጌ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ያጓጉዛል።

ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ በክር ጠበቅ የሚል፣ ውሃ የሚያፈስ ቀዳዳ ያለው ይሁን። ረጅም የጎማ ቦት ቢሞቅም ውሃ ውስጥ ብትወድቁ ይሞላና ይከብዳችኋል። የምትለኩትም በምትለብሱት ወፍራም ካልሲ ነው።

እንዲህ ተጫምታችሁም ቢሆን ጥቁሩ አለት ድረስ አትውረዱ። መጀመሪያ ቆም ብላችሁ ማዕበሉ የት እንደሚደርስ እዩ። ላይፍ ጃኬትም ልበሱ።

ከባሕር ስትመለሱ ጫማውን በቧንቧ ውሃ እጠቡት፣ ጨው ብሎኑን ያዝገዋል። ከዚያ አንድ በአንድ እየነካካችሁ የላላውን አጥብቁ። መለዋወጫ ብሎንና ትንሽ መፍቻ ከመንጠቆ ሳጥናችሁ አይጥፋ።