ጥንዚዛዋ አልጨለመችም፤ የጨለመው ስልካችሁ ነው

ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ሥር አንድ ልጅ ጥንዚዛ በስልኩ ፎቶ ሲያነሳ አገኘሁት። ወደ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ተንበርክኳል። ላቡ ስክሪኑ ላይ ይንጠባጠባል። አንስቶ ያያል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ብርሃን ይጨምራል። ደግሞ ያነሳል፣ ደግሞ ይጨምራል።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«ጨለመ ባክህ!» አለኝ። የድሬ ልጅ ነው፤ የአባቱ እኩያ ብሆንም «አንተ» ከማለት አይመለስም።

ስልኩን ተቀብዬ ግድግዳ ጥላ ውስጥ ገባሁ። በእጄ ከለል አድርጌ አየሁት። መጨረሻ ያነሳት ጥንዚዛ ኖራ የተቀባች ትመስላለች። ጀርባዋ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ጠፍተዋል። የመጀመሪያዋ፣ «ጨለመች» ብሎ የተዋት ግን ቁጭ ብላለች፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ እግሯ ላይ ያለው ፀጉር እንኳ የሚቆጠር።

ይህን ስህተት ስንቴ እንዳየሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ነፍሳት ስናነሳ የምንሠራቸውን ሌሎቹን ስህተቶችም በመንገዴ እነካካቸዋለሁ።

ፀሐይ ላይ ቆሞ ስክሪን ማመን

እኩለ ቀን ላይ ደጅ ያለው ብርሃን 100,000 ሉክስ (የሚያርፍብን ብርሃን መለኪያ) ገደማ ነው። ማታ ሳሎናችሁ ውስጥ አምፖል በርቶ ያለው ቢበዛ ጥቂት መቶ ነው። ዓይናችሁ ለዚያ ለሚያቃጥለው ብርሃን ራሱን ካጠበበ በኋላ የትኛውም ስክሪን ጨለማ ነው። ስልኩ ይህን ያውቃልና ብርሃኑን ሽቅብ ይገፋዋል። አዳዲሶቹ ፀሐይ ላይ ከ1,000 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) በላይ ይወጣሉ። ለኅትመት የሚሠራ ሰው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስክሪን የሚያስተካክለው ከ80 እስከ 120 ኒት ባለው መካከል ነው። እንግዲህ ልዩነቱን አስቡት። ያው ፎቶ ነው፤ ያ ሁሉ ለውጥ የመጣው ከስክሪኑና ከዓይናችሁ ነው።

ይኼ የትም ከተማ ያለ ነው። ድሬ ግን የራሷ ጣጣ አላት፤ ሙቀቷ። ስልክ ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ለማዳን የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሳል። እናንተን አያስፈቅድም። ብራይትነሱን ብታዩት ሙሉ ላይ ነው፤ ስክሪኑ ግን ደብዝዟል። ካሜራው ተከፍቶ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆየ ስልክ እንደ ምጣድ ነው የሚፋጀው። ያኔ «አንደር ሆነ»፣ ማለትም ብርሃን አነሰው፣ ትሉና ብርሃን ትጨምራላችሁ። ስልኩ ሲቀዘቅዝ ፎቶው ኦቨር ሆኖ፣ ብርሃን በዝቶበት ታገኙታላችሁ። የነጣውን ደግሞ ኤዲት አይመልሰውም። ትንሽ የጨለመ ፎቶ ውስጥ ብዙ ነገር ተደብቆ ይገኛል፤ ጭልጥ ብሎ በነጣ ቦታ ግን የሚወጣ ነገር የለም። በተለይ ጄፔግ (የተጨመቀውን የፎቶ ፋይል) ብቻ የሚያስቀምጥ ስልክ ላይ አልቆላችኋል።

እኔስ? እኔ የተማርኩት በተገላቢጦሹ ነው። ከዓመታት በፊት ለእህቴ ልጅ ክፍል ግድግዳ 30 ፎቶ ላሳጥብ ተነሳሁ። ንብ፣ ቢራቢሮ፣ ፌንጣ፣ ያለኝን ሁሉ። ኤዲት ያደረግኳቸው ሌሊት አልጋ ላይ፣ መብራት አጥፍቼ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ስክሪን ዓይን ያጭበረብራል፤ ሁሉም ፎቶ የበዛ ብርሃን ያለው ይመስላል። እኔም እያንዳንዱን ቀነስ፣ ቀነስ አደረግኩት። ታጥቦ ሲመጣ ከሰል! ንቧና ፌንጣው አይለዩም። ፎቶ ቤቱ ሄጄ ጮህኩ። «ማሽናችሁ ተበላሽቷል» አልኩ። ሰውዬው አልተቆጣም። ፋይሉን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ሂስቶግራሙን፣ ፎቶው ውስጥ ያለውን ብርሃን ከጥቁር እስከ ነጭ የሚያሳየውን ስዕል፣ አሳየኝ። ሁሉ ነገር ግራ ጥግ ላይ ተከምሯል። «ወንድሜ፣ ወረቀት አምፖል የለውም» አለኝ። ስክሪን የራሱን ብርሃን ይረጫል፤ ወረቀት የተቀበለውን ነው የሚመልሰው። ዝም ብዬ ከፍዬ ወጣሁ። 30ውም ፎቶ እስካሁን ካርቶን ውስጥ አሉ።

ታዲያ ምን ይታመን? ሂስቶግራም። ስሙ አያስፈራችሁ። ቀፊራ ገበያ፣ ጉልት ላይ ምንጣፍ ተዘርግቶ ክምር ክምር ተደርጎ የሚሸጥ እህል አስቡ። በግራ በኩል ጥቁሩ፣ መሐል ላይ ግራጫው፣ በቀኝ ነጩ ነው። ክምሩ ከፍ ባለ ቁጥር በዚያ የብርሃን መጠን ያለው ነገር ፎቶው ውስጥ በዝቷል ማለት ነው። የምትፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ክምሩ ከምንጣፉ ቀኝ ጠርዝ ተንዶ እንዳይወድቅ። የወደቀ እህል ከአፈር ጋር ተደባለቀ ማለት ነው። ብዙ ስልኮች ፕሮ ሞድ (ካሜራውን በእጅ የምታስተካክሉበት) ላይ ያሳዩታል። የእናንተ ካላሳየ ስናፕሲድ የሚባለው የፎቶ ኤዲት መተግበሪያ ውስጥ አለ፤ በነፃ ነው። ፀሐይም ይሁን ጨለማ፣ ስልኩ ይጋል ይቀዝቅዝ፣ ይህ ስዕል አይለወጥም።

ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ የሚያሳየውን ባለ ሦስት ቀለም ሂስቶግራም ካገኛችሁ ደግሞ እሱን ተመልከቱ። እኛ ጋ ያለው፣ ሌላው አገር «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚለው ዛፍ ሲያብብ ጉዱ ያኔ ነው። አበባው ላይ ያረፈች ንብ ስታነሱ ጠቅላላው ሂስቶግራም ሰላም ነው ይላችኋል፤ ቀዩ ብቻውን ግን ከቀኝ ጠርዝ ወድቋል። ውጤቱ መስመር የሌለው ቀይ ጨርቅ የመሰለ አበባ ነው። እዚያ ላይ ብርሃን ቀንሱ።

ከስክሪን ስክሪን መንከራተት

ስልክ ላይ ጥሩ ነው፣ ላፕቶፕ ላይ ጨለመ፣ የጓደኛ ስልክ ላይ ቀላ። አንዳንዱ ሰው ለእያንዳንዱ ስክሪን እንደገና ኤዲት ያደርጋል። ኧረ አቦ! መጨረሻ የለውም። ርካሽ ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑን ትንሽ ገፋ ስታደርጉት ፎቶው ይነጣል፤ ስትመልሱት ይጨልማል። የስልኩ የቀለም ምርጫ «ቪቪድ» (ደማቅ) ላይ ከሆነ ቀለሙን ያጋንናል። ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን ነገር ሳያጠፉ ቀለም የሚያስተካክሉም አሉ። እነሱን አልመክራቸውም።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። በደንብ የታጠበችልኝ አንዲት ፎቶ አለችኝ፤ ቅጠል ላይ ያለች አረንጓዴ ፌንጣ ናት። ወረቀቷ በእጄ፣ ፋይሏ በስልኬም በላፕቶፔም አለ። ኤዲት ከመጀመሬ በፊት እሷን እከፍትና ከወረቀቱ ጋር አስተያያለሁ። ወረቀቱን መስኮት አጠገብ፣ ቀጥታ ፀሐይ የማይነካው ቦታ ነው የማየው። ስክሪኑ ከወረቀቱ ከበራ ብራይትነሱን አወርዳለሁ፤ አውቶውን አጠፋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው አዲሱን ፎቶ የምከፍተው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ለሰው ስትልኩ ደግሞ ቴሌግራም ላይ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፤ የደከማችሁበት የዝንብ ዓይን ገንፎ ይሆናል።

ካሜራው ያለውን እንዳለ መቀበል

ካሜራ ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ይፈልጋል። ጥቁር ጥንዚዛ ፍሬሙን ስትሞላው «ጨለማ ነው» ብሎ ያበራል፤ ግራጫ ጥንዚዛ ይሰጣችኋል። ትንሽ ነጭ ቢራቢሮ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ላይ ስታርፍም እንዲሁ ነው፤ ካሜራው ቅጠሉን አይቶ ያበራና ቢራቢሮዋን ያቃጥላታል። ስልክ ላይ ስክሪኑ ውስጥ ያሉትን ነፍሳት ነክታችሁ ጣታችሁን ያዝ አድርጉ፣ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል፤ ከዚያ የፀሐይዋን ምልክት ወደ ታች ሳቡ። ካሜራ ያላችሁ ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ ቀንሱ፤ አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው።

መጨመር ያለበት ጊዜም አለ። በ2012 ዓ.ም. የአንበጣው መንጋ ሲመጣ አስታውሳለሁ። ወደ ድሬዳዋ ሲመጣ የነበረ አውሮፕላን መንጋው ውስጥ ገብቶ፣ መስታወቱ ተሸፍኖበት፣ እዚህ ማረፍ አቅቶት አዲስ አበባ ያረፈበት ጊዜ ነው። እኔ ደግሞ ካሜራዬን ይዤ ሮጥኩ። ወደ ላይ ዞሬ ስንቱን አነሳሁ። ካሜራው ብሩህ ሰማይ አይቶ ብርሃን ቀነሰ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ሰማዩ ላይ ኑግ የተበተነ ይመስላል። አንድ አንበጣ እንኳ ክንፉ አይታይም። አንድ ስቶፕ ተኩል ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ነበር።

በቀትር መውጣት

በቀትር ድሬ እንኳን ሰው፣ ሱቅም ይዘጋል። ነፍሳቱ ግን ያኔ ነው የሚነቁት። ደማቸው በፀሐይ ነው የሚሞቀው፤ ሲሞቃቸው አትደርሱባቸውም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ፤ ቀዝቅዘው፣ ደንዝዘው ታገኟቸዋላችሁ። ብርሃኑም ለስላሳ ነው፣ ስልኩም አይግልም። ስትመለሱ ፉል ትበላላችሁ። ሐረር ከሄዳችሁ ትንሽ ማርፈድ ይቻላል። ከተማዋ ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ጠዋቱ ቶሎ አይሞቅም።

«ፍሪጅ ውስጥ አስገባው፣ ይፈዝልሃል» የሚል ምክር ይሰማል። ተዉት። ነፍሳቱ ይጎዳሉ፣ ፎቶውም ያስታውቃል፤ እግራቸው የሞተ ነገር ነው የሚመስለው። እንዴት አወቅህ ካላችሁኝ አንዴ አድርጌዋለሁ። እናቴ ወተት ልታወጣ ፍሪጅ ስትከፍት ጥንዚዛው ኩባያ ውስጥ አፍጦ አያት። የዚያን ቀን የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም።

ፍላሹን በባዶው መተኮስ

የጥንዚዛ ጀርባ መስታወት ነው። ባዶ ፍላሽ ስትተኩሱበት መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ ይቀመጣል፣ ሌላው ይጨልማል። ብርሃኑን አለስልሱት። ነጭ ፌስታል ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይበቃል። ነጭ ያልኩት በምክንያት ነው። እኔ መጀመሪያ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆርጬ ሠርቼ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያነሳኋቸው ነፍሳት በሙሉ የወፍ በሽታ የያዛቸው መሰሉ። ጥፋቱ የስክሪኑ መስሎኝ ሦስት ስልክ ላይ አይቻለሁ!

ፎከስን ዕድል ላይ መጣል

ዓይኑ ካልጠራ ፎቶው የለም። ነፍሳቱን በእውነተኛ መጠናቸው (አንድ ለአንድ) በሚያነሳ የማክሮ፣ የቅርብ ማንሻ፣ ሌንስ፣ ኤፍ/8 ላይ (ቁጥሩ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) የሚጠራው ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። መተንፈስ ብቻ ያበላሸዋል። ስለዚህ ፎከሱን ቆልፉና ሰውነታችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛውዙ፤ እያወዛወዛችሁ ደጋግማችሁ ተኩሱ። ከ20 አንዱ ይወጣል። አንዱ ከወጣ ጥሩ ቀን ነው። «ኤፍ/22 ላድርገውና ሁሉም ይጥራ» የሚልም አለ። በዚያ ርቀት ኤፍ/22 እንደ ኤፍ/44 ነው የሚሆነው፤ ብርሃኑ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተንና ሁሉም እኩል ይደበዝዛል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ዲጂታል ዙም አትጠቀሙ፤ ቀረብ በሉ። ስትቀርቡ ጥላችሁ ቀድሟችሁ እንዳይደርስ፤ ጥላ ሲያርፍበት ነፍሳቱ በርሮ ያመልጣል። ሌንሱን ሳታዩ አትጀምሩ፤ ግማሹ «ጭጋግ» የጣት ቅባት ነው። በሽርጣችሁ ጫፍ ከመጥረጋችሁ በፊት ግን እፍ በሉበት፤ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሌንስ ይፍቃል። ሸረሪት ደግሞ ስምንት እግር ናት፤ ነፍሳት ብላችሁ ስትለጥፉ የሚያርማችሁ ሰው አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ።

የከዚራው ልጅ ያቺን የመጀመሪያዋን ጥንዚዛ በዚያው ማታ ላከልኝ። ፋይል አድርጎ ነው የላከው፤ ደስ አለኝ። ከሥሯ «አሁን ደግሞ በጣም ነጣች፣ ልቀንሳት?» ብሎ ጽፏል።

«የት ሆነህ ነው የምታያት?» አልኩት።

«አልጋ ላይ። ሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፍቷል።»

«ሂስቶግራሙስ?»

ትንሽ ቆየ። «መሐል ላይ ነው» አለኝ።

«በል ተኛ» አልኩት።