ሲጋራን ከነአጃቢዎቹ ማሰናበት

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ተሳቢ ስነዳ 21 ዓመት ሆነኝ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሲጋራን ሰባት ጊዜ «አቁሜያለሁ»። ከሰባቱ ረጅሙ 11 ቀን ቆየ፤ የተበላሸውም ሚሌ ላይ ነው። የማውቀው ሾፌር ጫት ዘርግቶ «ና እንጂ» አለኝ፤ ተቀመጥኩ፤ ሁለት እንጨት ሳልቀነጥብ እጄ የሰው ፓኮ ውስጥ ገብታ አገኘኋት። ስምንተኛው ግን ያዘልኝ፤ ይኸው ስድስት ዓመቱ። በወኔ እንዳይመስላችሁ፤ ወኔማ በሰባቱም ጊዜ ሞልቶኝ ነበር። በስምንተኛው ጊዜ ያደረግሁት ሌላ ነገር ነው፤ ሲጋራውን ለብቻው ማባረሩን ትቼ አጃቢዎቹን አንድ በአንድ ለቀም አደረግኋቸው።

ለቀማው የሚጀምረው በቆጠራ ነው። ከማቆማችሁ በፊት ለሦስት ቀን እንደ ወትሮው አጭሱ፤ ነገር ግን እያንዳንዷን መዝግቡ። እኔ በነዳጅ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «በሌላው እጄ ምን ይዣለሁ?» የሚለውን እጽፍ ነበር። በሁለተኛው ቀን 27 ሲጋራ አጨስሁ። 11 ከጫት ጋር፣ 5 ከቡና ጋር፣ 3 ከቢራ ጋር፣ 4 ደግሞ ጋላፊ ድንበር ላይ ወረፋ ስጠብቅ በመሰልቸት። የቀሩት አራት ብቻ ናቸው፤ ሲጋራውን ራሱን ፈልጌ የለኮስኳቸው እነሱን ነው። ከአራቱ አንዷ የጠዋቷ ናት። ለዚህች ምክንያት አላት፦ ኒኮቲን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ሌሊቱን የተኛ አጫሽ ሲነሳ ባዶውን ነው። ከእንቅልፋችሁ በተነሳችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የምትለኩሱ ከሆነ ሰውነታችሁ ራሱ ተጠምዷልና ለከባዱ ሳምንት ተዘጋጁ።

ቀጥሎ ቡና። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ሰባቱንም ጊዜ ካደናቀፉኝ ነገሮች አንዱ ይመስለኛል። የትንባሆ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ይህን የሚያደርገው ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ ውስጥ ያለው ሬንጅ መሰል ነገር ነው። ሲጋራው ሲቆም ጉበት በቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ቡናው ደግሞ ያው ቡና ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ሰውየው «ሲጋራ አምሮኝ ነው» ብሎ ይለኩሳል፤ የያዘው ግን የቡና ብዛት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ቡናችሁን በግማሽ ቀንሱ። እናቴ ከአቦል በኋላ የሚነሳ እንግዳ ቤቷን የረገመ ይመስላታል፤ እኔም አንዲት ግማሽ ስኒ ይዤ እስከ በረካ ድረስ ሳዘግም ቆየሁ። እሷ አልተቀየመችም፣ እኔም አልተንቀጠቀጥኩም። (በዚሁ መንገድ የሚወገዱ መድኃኒቶችም አሉ። በተለይ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲጋራ ሊያቆም መሆኑን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።)

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ጫት።

ሾፌር ለምን እንደሚቅም ሁሉም ያውቃል፤ እንዳይተኛ ነው። የሚያነቃው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ቅጠሉ ከተቀጠፈ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ኃይሉ ስለሚደክም ነው የአወዳይ ጫት እንደዚያ ነፍስ እስኪወጣ በፍጥነት የሚጫነው። ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ኒኮቲንም እንደዚሁ። ሁለቱን በአንድ ምሽት የሚደርብ ሰው ዳገት ላይ ሁለት ተሳቢ የሚጎትት መኪና ማለት ነው፤ ሞተሩ ዝም ይላል እንጂ እየተበላ ነው። ከዚያ ምርቃናው አልለቅ ሲል ጨብሲ ይመጣል፤ ጨብሲው ቢራ ነው፤ ቢራው ሲጋራ ይጠራል፤ በነጋታው ድካሙ ኢጃባና፣ ማለትም የጠዋት ጫት፣ ይጠራል። የእኔ 27 ሲጋራ በዚህ ቀለበት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ጫት እየቃሙ ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ እኔ በመስመራችን አንድም አላየሁም። ስለዚህ ምክሬ ሁለቱን በአንድ ቀን አቁሙ ነው።

ቀኑን ግን ምረጡ። እኔ የመረጥኩት መኪናው ካምቢዮ ተበላሽቶ 12 ቀን ጋራዥ የገባበትን ጊዜ ነው። ይህን የምለው ለምቾት አይደለም፤ ጫት ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ድንጋይ ይተኛል፣ ቀንም ያንጎላጀዋል። በዚያ ሁኔታ መሪ መያዝ ራስንም ሰውንም መግደል ነው። ፈቃድ ውሰዱ፣ ወይም የበዓል ሰሞን ጠብቁ። ሙስሊም ባልደረቦቼ ረመዳንን ይመርጣሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሳያጨሱ መዋል መቻላቸውን ራሳቸው ስለሚያዩት፣ የሚቀራቸው ከኢፍጣር በኋላ ያለችውን መዝጋት ብቻ ነው።

ሌሊቱን ዱካክ፣ ጫት ያቋረጠ ሰው የሚያየው ቅዠት፣ ይመጣል። የእኔው ፍሬን ያጣ ተሳቢ ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ይንደረደራል፣ ጋቢናው ውስጥ ማንም የለም፣ እኔ ከታች ቆሜ አያለሁ። ሦስት ሌሊት ያው ሕልም። ዱካክ ሰይጣን ነው የሚሉ ሾፌሮች አሉ፤ አልከራከራቸውም፤ እኔን ግን በአስር ቀን ውስጥ ለቅቆኛል። ሆድ ድርቀቱም እንደዚሁ ይለቃል፤ ውኃ፣ ጎመን፣ ፓፓያ።

አልኮልን በሚመለከት አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ፣ ጠዋት ሳይቀምስ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው መጠጡን በራሱ ውሳኔ በአንድ ጊዜ እንዳያቋርጥ። የሚጥል ሕመም እስከማምጣት ይደርሳልና ሐኪም ፊት ይደረግ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ቢራ ለሚቀምሰው ግን ለአንድ ወር መተው አይገድለውም።

የሲጋራው ሐራራ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው፤ ከዚያ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት እየሳሳ ይሄዳል። አንዱ ሐራራ ለብቻው ሲታይ ግን የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ይህን ሰዓት አይቶ መጠበቅ ያሳብዳል። እኔ በጎማ ለካሁት። የእኔ መኪና ከነተሳቢው 22 ጎማ አለው፤ ሲያምረኝ ዱላዬን ይዤ እወርድና ሁሉንም እየመታሁ እዞራለሁ። 22ኛው ላይ ስደርስ አልፏል፤ ካላለፈም ደግሜ እዞራለሁ። ጎማ የሌላችሁ ደረጃ ውጡ፣ ሰሃን እጠቡ፣ ብቻ እጃችሁ ሥራ ይያዝ። መተርኮሻዬን በሳሙና አጥቤ ቆሎ ሞላሁበት። ረዳቴ ሳቀ፤ «ጋሼ፣ እንግዲህ ቆሎ ሊተረኩሱ ነው?» አለኝ። በኋላ ግን ከእኔ በላይ የሚዘግነው እሱ ሆነ።

የኒኮቲን ማስቲካ ወይም ፕላስተር ካገኛችሁ ተጠቀሙበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 ጀምሮ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ነገር ነው (ዓመቱ በፈረንጅ)። ማስቲካውን ለእኔ ከውጭ ሰው አመጣልኝ። እንደ ተራ ማስቲካ አላመጥኩትና ግማሽ ቀን ስቅታ ሲያንገላታኝ ዋለ። ትክክለኛው አጠቃቀም ትንሽ አላምጦ አፍ ሲያቃጥል በድድና በጉንጭ መካከል ማስቀመጥ፣ ማቃጠሉ ሲጠፋ ደግሞ እንደገና ጥቂት ማላመጥ ነው።

ሳል ቢብስባችሁ አትደንግጡ፤ ሳንባ መጥረጊያውን እያነሳ ነው። ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ላብና ክብደት መቀነስ ካለበት፣ ወይም ደም ከታየበት ግን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሲጋራ ለሳንባ ነቀርሳ ያጋልጣል፤ በአገራችን ደግሞ ነቀርሳው ሩቅ አይደለም። ክብደትም ይጨምራል፤ እኔ አምስት ኪሎ ጨምሬያለሁ፣ ባለቤቴ አልተከፋችም። ከጭሱ የገባው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ በአንድ ቀን ገደማ ከደም ይወጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሲጋራው ያመጣው የልብ ሕመም ስጋት በግማሽ ይወርዳል፤ የሳንባ ካንሰሩ ስጋት በግማሽ ለመውረድ ግን አስር ዓመት ያህል ይፈልጋል። እኔ አራት ይቀሩኛል።

በዚህ መሃል ምትክ የሚያቀርብላችሁ አይጠፋም። «ሺሻ ውኃ ያጣራዋል» ይሉ ነበር ጅቡቲ ላይ። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጣራውም፤ የከሰሉም ጋዝ ተደርቦ ይገባል፤ የአፉ ጫፍ ሲዟዟር ደግሞ በሽታም አብሮ ይዟዟራል። የእህቴ ልጅ ደግሞ ከዱባይ ሲመጣ ማንጎ ማንጎ የሚሸት ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ይዞ መጣ። በእርግጥ የሚቃጠል ትንባሆ ስለሌለው ከሲጋራ ያነሰ ይጎዳል፤ እንግሊዝ አገር አጫሽን ለማስቆም ሐኪሞች ሳይቀሩ ይመክሩታል። ይህ ልጅ ግን በሕይወቱ ሲጋራ አጭሶ አያውቅም። ካርቶኑን አነበብኩት፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ኒኮቲን ይላል፤ በአውሮፓ ኅብረት የሚፈቀደው እስከ 20 ነው። ሌሊት ትራሱ ሥር ነው የሚያድረው። በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም ሺሻንም ከልክሏል፤ ሲጋራም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይሸጥም። አዋጁን ነገርኩት፤ ሳቀብኝ። ደረሰኝና እስክሪብቶ ሰጠሁትና «ሦስት ቀን ቁጠር» አልኩት።

የመጨረሻው ጉዳይ መሳት ነው። እኔ በአምስተኛው ወር ስቻለሁ። የባልደረባችን ለቅሶ ነበር፤ ድንኳኑ ጀርባ ቆመን አንዱ ዘረጋልኝ፣ ለኮስኩ፣ ጨረስኩ። ድሮ ቢሆን «አንዴ ከተበላሸ» ብዬ ማታውኑ ፓኮ እገዛ ነበር። አሁን ግን ኪሴ ውስጥ ከነበረው ደረሰኝ ጀርባ ላይ «1፣ ለቅሶ፣ ሌላው እጄ ባዶ» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ጉዞ ጀመርን። አዋሽን አልፈን እንዳቆምን አማረኝ፤ ዱላዬን ይዤ ወረድኩ። 16ኛው ጎማ ተንፍሶ አገኘሁትና ረዳቴን ጎሚስታ እንዲጠራ ላክሁት።