የአንደኛ ክፍል ልጃችሁ በሁለተኛው ሴሚስተር ምን ይማራል? እቤት እንዴት ትከታተሉታላችሁ?

ጥር ሊያልቅ ሲል ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ፈተና አልቋል፣ ካርድ ተሰጥቷል፣ ልጆቹ እረፍት ላይ ናቸው። ወላጆች ግን አላረፉም። «ቲቸር፣ በሁለተኛው ሴሚስተር ምንድን ነው የሚማሩት?» የሚል መልእክት በቴሌግራም ይመጣል። የማስተምረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ አንደኛ ክፍል ነው። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ መጽሐፉን ግለጡት። መልሱ እሱ ላይ አለ። የየትምህርቱን ማውጫ እዩና በመጀመሪያው ሴሚስተር የት ላይ እንደቆምን ከልጁ ደብተር አረጋግጡ። የቀረው የዚህ ሴሚስተር ነው። ከዚያ የየምዕራፉን መግቢያ አንብቡ። «ተማሪዎች ከዚህ ምዕራፍ በኋላ» ብሎ ይጀምርና ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይለያሉ፣ ያወዳድራሉ እያለ ይዘረዝራል። ብዙ ወላጅ ይህችን ገጽ ዘሏት ያልፋል። እኔ ዕቅዴን የማወጣው ግን ከእሷ ተነስቼ ነው። «ይለያሉ» ካለ፣ እቤት የምትጠይቁት ጥያቄ «እስቲ ለይልኝ» ነው። በቃ።

መጽሐፉ በእጃችሁ ከሌለ ፒዲኤፉን ፈልጉ፤ አሁን ያልደረሰው ሰው የለም። ስታወርዱ ግን ሽፋኑን እዩ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ የዋለው በ2015 ነው፤ የድሮው መጽሐፍም እስካሁን ስልክ ለስልክ ይዞራል። በዚያ ላይ የአንደኛ ደረጃን መጽሐፍ የሚያዘጋጀው እያንዳንዱ ክልል ነው። ባሕር ዳር ያለ የአጎት ልጅ መጽሐፍ ከኛው ጋር ገጽ በገጽ ላይገጥም ይችላል። የኛ ሽፋን ላይ የአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ የሚል አለበት።

የትምህርቱ ዓይነት ሲደረደር ያስደነግጣል፦ አማርኛ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ የክወናና ዕይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ። አትደንግጡ። እናንተ ሁለቱን ያዙልኝ፣ ማንበብንና ቁጥርን። ሌላው ለኔ ይሁን።

ከሁለቱም ማንበብ ይቀድማል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ብዙ ጊዜያችን የሄደው ፊደል በመለየት ነው። ከየካቲት ጀምሮ ቃል፣ ቀጥሎ ዓረፍተ ነገር፣ ቀጥሎ አጭር ምንባብ እናነባለን። ፊደሉን በወጉ ያልያዘ ልጅ እዚህ ላይ ነው ወደኋላ የሚቀረው። አብዛኛው ወላጅ ደግሞ ልጁ እንደያዘ እርግጠኛ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ አባት ልጁን ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ ይሄ ልጅ ከሀ እስከ ፐ ጨርሶታል። አማርኛው ለምን ዝቅ አለ?» አለኝ። ልጁን «በል አሳየን» አልኩት። ገበታው ፊት ቆሞ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያለ አንበለበለው። አባትየው ፈገግ አለ። ከዚያ መደዳውን በወረቀት ሸፈንኩና «ሶ»ን ብቻ አሳየሁት። ልጁ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ወረቀቱን በጣቱ ቀስ አድርጎ ገለጠና ከ«ሰ» ሊጀምር ሲል እጁን ያዝኩት። አባትየው ያኔ ገባው። ልጁ ገበታውን እንደ መዝሙር ነበር የያዘው።

ስለዚህ እቤት ስትፈትኑት በተርታ አትጠይቁት። አንድ ወረቀት መሐሉን በጣት ልክ ቅደዱና ገበታው ላይ እያንሸራተታችሁ በቀዳዳው የምትታየውን ፊደል ብቻ ጠይቁ። አሁን «ቡ»፣ ቀጥሎ «ጌ»፣ ቀጥሎ «ር»። ቶሎ ከመለሰ አውቋታል። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ከቆየ እየቆጠረ ነው። የሳታቸውን ብቻ ጻፉና ለሳምንቱ እነሱን ያዙ። ከገበታው መጀመሪያ እየተነሳችሁ ጊዜ አታባክኑ።

ገበታው ላይ 33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ብዙ ይመስላል እንጂ ልጁ 231 ነገር መሸምደድ የለበትም። ካዕብ መሐሉ ላይ በቀኝ በኩል ጭረት ትጨመርለታለች፦ ሉ፣ ሙ፣ ቡ። ሣልስ ጭረቷ ወደ እግሩ ትወርዳለች፦ ሊ፣ ቢ፣ ቲ። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፦ ሌ፣ ቤ፣ ቴ። እነ ረ እና ፈ ትንሽ ያፈነግጣሉ፣ ግን ይለመዳሉ። አስቸጋሪው ሳድስ ነው። ል፣ ም፣ ር፣ ስ፣ ን፣ ክ፤ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው የሚሄደው፣ ደንብ የለውም። ጊዜ ካጠራችሁ ሳድስን ብቻ አስጠኑልኝ። አማርኛ ያለ ሳድስ አንድ መስመር አይሄድም።

ሌላም ችግር አለው። «ክብሪት» ላይ ክ ድምፅ አላት፣ ብ ግን ከሚቀጥለው ጋር ትጣበቃለች። ልጁ ለሁሉም እኩል ድምፅ ሰጥቶ «ክ፣ ብ፣ ሪ፣ ት» ብሎ ይቆራርጠዋል። አትቆጡት፣ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ ፈጠን አድርጎ፣ ቀጥሎ እንደሚናገረው ይበለው። በሦስተኛው ላይ «እእእ፣ ክብሪት!» ይላል። ያቺን «እእእ» ስትሰሙ ማንበብ ጀምሯል ማለት ነው።

ሀ፣ ሐ እና ኀ ለምን ሦስት ሆኑ ብሎ ከጠየቃችሁ በክርክር ጊዜ አትፍጁ። መጽሐፉ እንደጻፈው ይጻፍ።

ለልምምድ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ታክሲ ላይ ታፔላ አለላችሁ። ቦሌ፣ ሜክሲኮ፣ ፒያሳ፣ ሳሪስ፣ መገናኛ። ሰልፍ ላይ ቆማችሁ «ረዳቱ ሳይጠራው አንብበው» በሉት። «ጦር ኃይሎች» ሲመጣ ትንሽ ይታገላል፣ ይታገል። የፓስታ ካርቶን፣ የጨው ላስቲክ፣ የሱቅ በር፣ ሁሉም ያገለግላል። አንዷ ተማሪዬ ከእናቷ ጋር ወረፋ ስትጠብቅ የለመደችው ይኸው ነው። አሁን ክፍል ውስጥ ጽሑፍ ያለበት ነገር ካየች ሳታነብ አታልፍም፤ የኔን ስም ሳይቀር ከዕቅድ ደብተሬ ላይ አንብባዋለች።

ማታ ከእራት በፊት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ አንድ ሰው ይስማው። የሚሰማው ሰው ማንበብ መቻል የለበትም። ይህን የምለው ልጆቻቸውን አያቶች የሚያሳድጉላቸው ብዙ ስላሉ ነው። እማማ፣ እርስዎ ፊደል ባይቆጥሩም ይሰሙታል። ሲጨርስ «ማን ነው የሄደው? የት ሄደ? ምን አደረገ?» ብለው ይጠይቁት። መመለስ ካቃተው ቃሉን አውጥቶታል እንጂ አልገባውም። እንደገና ያንብበው።

ጽሕፈትም አብሮ ይሄዳል። ቃለ ጽሕፈት በዚህ ሴሚስተር ይበዛል። ከዕለቱ ምንባብ አራት አምስት ቃል እየጠራችሁ አጽፉት። ከመጽሐፍ መገልበጥን ግን እንደ ጥናት አትቁጠሩት። ገጹን ሙሉ አሳምሮ ገልብጦ አንዱንም ቃል የማያነብ ልጅ ሞልቷል።

ወደ ሒሳብ እንምጣ። እስከ 100 መቁጠር፣ መጻፍ፣ ማወዳደር፣ መደመርና መቀነስ ነው። መቁጠሩን ሁሉም ይወጣዋል። ጉዱ ያለው አስር ቤትና አንድ ቤት ላይ ነው። «ሃያ ሦስት ጻፍ» ስትሉት 203 ከጻፈ እውነት አለው፤ ሃያን ጽፎ ሦስትን አጠገቡ አስቀመጠ። ይህን ለማስተካከል ከገንዘብ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። ሁለት ባለ 10 ብር ኖትና ሦስት የአንድ ብር ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ኖቶቹ አስር ቤት፣ ሳንቲሞቹ አንድ ቤት። ሁለት፣ ሦስት። 23። ከዚያ «አርባ አንድ ስጠኝ»፣ «ሰላሳ ስጠኝ» በሉት። ሰላሳ ላይ አንድ ቤቱ ባዶ ሲሆን ዜሮ ለምን እንደምትጻፍ ራሱ ይደርስበታል። ገንዘቡ ካልተመቸ የክብሪት እንጨት አስር አስር እያደረጋችሁ በላስቲክ እሰሩ፣ ያው ነው።

በነገራችን ላይ፣ 25 ሳንቲም ብዬ ሳስተምር ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። አብዛኞቹ በእጃቸው ይዘውት አያውቁም። እቤት መሳቢያ ውስጥ የቀረ ካለ ላኩልኝ፣ ለማሳያ እፈልገዋለሁ።

የቃል ሒሳብም ይመጣል። «አልማዝ 12 ብርቱካን ነበራት፣ 5ቱን ለወንድሟ ሰጠች፣ ስንት ቀራት?» 12 ሲቀነስ 5 ተብሎ ሲጻፍለት ወዲያው የሚሠራው ልጅ፣ በዓረፍተ ነገር ሲመጣ ይደምራል። የሚደምረው ሒሳብ ስላልቻለ አይደለም፣ ጥያቄውን ስላላነበበው ነው። ማንበብ ይቀድማል ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው።

እንግሊዝኛ ላይ ወላጅና እኔ አንግባባም። አንዳንዱ እቤት የሚያስጠናው እሱን ብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጁ የቀናቱን ስም በእንግሊዝኛ ይደረድራል፣ ይጨበጨብለታል። የራሱን ሰፈር ስም ግን ታፔላ ላይ ማንበብ አይችልም። እኔን ብትሰሙኝ መጀመሪያ በሚናገረው ቋንቋ ያንብብ፣ እንግሊዝኛው ይደርሳል። በዚህ ሴሚስተር የሚፈለገው ሰላምታ፣ ቀላል ትእዛዝ፣ በክፍል ያሉ ነገሮች ስምና የፊደሎቹ መለየት ነው። ትልቁና ትንሹ ፊደል ግራ ያጋባቸዋል፣ የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውማ። ትንሹ ቢ እና ትንሹ ዲም ይገለባበጡባቸዋል፤ አትደናገጡ፣ በልምምድ ይለቃል።

አካባቢ ሳይንስ በመሸምደድ አይሆንም። «የቤት እንስሳት ስንት ናቸው?» ከማለት በረንዳ ላይ ባቄላ በእርጥብ ጥጥ አብቅሉና በየቀኑ ያየውን ይንገራችሁ። ለክወናና ዕይታ ጥበባት ካርቶን፣ ቆርኪ፣ ጨርቅ አምጡ እላለሁ፤ ከሱቅ ገዝታችሁ አትላኩ፣ ከቤት የወደቀው ነው የሚፈለገው። ግብረ ገብ ደግሞ እቤት የሚያየው ነው፣ እኔ ብዙም አልጨምርበትም።

ጊዜውን አስቡበት። ሁለተኛው ሴሚስተር በወረቀት ላይ ረጅም ነው፣ ሲኖሩት ያጥራል። የዓድዋ በዓል አለ፣ ስቅለትና ፋሲካ አሉ፣ ሚያዝያ 23 እና 27 አሉ፣ ከዚያ ሰኔ መጥቶ ፈተና ይሆናል። ክፍለ ሀገር ለፋሲካ የምትሄዱ፣ ከበዓሉ በፊት ሳምንት ቀድማችሁ፣ ከበዓሉም በኋላ ሳምንት ዘግይታችሁ አትውሰዱብኝ። ቃል ማንበብ የጀመረ ልጅ ሁለት ሳምንት ካቋረጠ እንደገና ከፊደል ነው የምንጀምረው። ቤት ውስጥ ስድስተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ያለ ታላቅ ካለ ደግሞ የከተማ አቀፉ ፈተና ወሬ ቤቱን ይሞላዋል፣ ትንሹ ይረሳል። ታላቁ ሲያጠና ትንሹ አጠገቡ ተቀምጦ ያንብብ።

ጠዋት አታርፍዱ። በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ከተጀመረ ከ2012 ወዲህ ብዙው ልጅ ቁርሱን የሚበላው ግቢ ውስጥ ነው። ያረፈደ ልጅ ቁርሱ ያልፈዋል፣ እኔ ደግሞ አማርኛን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው የማስተምረው። የራበው ልጅ ሳድስ አይታየውም።

እኔን ስትጠይቁኝ «ልጄ እንዴት ነው?» አትበሉኝ። «ደህና ነው» እላችኋለሁ፣ ሁለታችንም ምንም ሳናተርፍ እንለያያለን። «የትኛው ላይ ይደናቀፋል?» በሉኝ። ወይም በወረቀቱ ቀዳዳ የሳታቸውን ፊደሎች ጽፋችሁ ላኩልኝ። ጠዋት 2 ሰዓት በር ላይ፣ ልጆች ሊሰለፉ ሲሉ ባትይዙኝ ደግሞ እመርጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲወጡ አለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሲመጣ የአማርኛውን መጽሐፍ በላስቲክ ሸፍናችሁ ላኩ። እርሳስ ሁለት፣ ላጲስ አንድ፣ መቅረጫ አንድ። እስክሪብቶ አይደለም፣ አንደኛ ክፍል ነን። ስሙንም ላጲሱ ላይ ሳይቀር ጻፉበት፤ ክፍል ውስጥ ሁሉም ላጲስ ነጭ ነው፣ ሁሉም ደግሞ «የኔ ነው» ይባላል።