አምባዛ ስትጠብሱ በርበሬው እንዳያርባችሁ

የአምባዛ ፊሌቶ በበርበሬ አሽታችሁ መጥበሻ ላይ ስትጥሉት ዓሣው ሳይበስል በርበሬው ጠቁሮ ይመራል አይደል? ቅመሙን በአንድ ጎኑ ብቻ ቀቡት።

መጀመሪያ ጨውና ሎሚ ነካ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ አቆዩትና በንጹህ ጨርቅ ወይም በሶፍት ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁት። ይቺን እንዳትዘሏት። እርጥብ ከሆነ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ሎሚው ደግሞ አምባዛ ላይ የሚበረታውን ያን የጭቃ ሽታ ይቀንስለታል። ብዙ ግን አታቆዩት፣ ሥጋው ይደርቃል።

ከዚያ በርበሬውን ከትንሽ ኮረሪማና ከዘይት ጋር ለውሳችሁ በላይኛው ጎን ቀቡ። ያልተቀባውን ጎን ወደ ታች አድርጋችሁ መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱት፣ አትነካኩት። ጠርዙን ብቻ እዩ፤ ነጭነቱ ከታች እየወጣ ከግማሽ በደንብ ሲያልፍ ገልብጡት። የተቀባው ጎን 1 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። በሹካ ነካ ስታደርጉት መሀሉ ድረስ ከተላቀቀ በስሏል። ወፍራም ከሆነ እሳቱን አጥፍታችሁ ትንሽ ክደኑት።

የሚሠራበት ምክንያት በርበሬ የላመ ዱቄት ስለሆነና ስኳርም ስላለው ከዓሣው በጣም ቀድሞ ስለሚያር ነው። እዚህ ግን እሳቱን የሚያገኘው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

ኦቨን ውስጥ ከሆነ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፣ ሁለቱንም ጎን ቀቡ። ሚጥሚጣ ከወደዳችሁ ደግሞ ከእሳት ካወረዳችሁት በኋላ ነስንሱበት፤ የጋለ መጥበሻ ከነካ ጎረቤት ሳይቀር ያስላል።